ሳይተኮስ የቀረው ጥይት በየትኛው ዓምድ ይጻፍ?

ለክቡር የሥራ አፈጻጸም ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ክንውን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንዲያስረዱን በትሕትና ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ከረሙ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የኮሚቴዎ አባላት፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ሳይቀር ደኅና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ከቆላው ሙቀትና ከአውራ ጎዳናው አቧራ በቀር የምናማርረው የለንም፤ የዘንድሮው ማሽላ ጥሩ ይዟል፣ ወፉም እንደ ዓምናው አልበረታብንም። የቤቴን ነገር ግን ለልጄ ለቅሶ መጥተው በዓይንዎ ስላዩት አልዘረዝርልዎም። የሥራ ብዛት ሳያግድዎ ጫማዎን ከደጅ አውልቀው ከምንጣፋችን ላይ መቀመጥዎን ሰፈራችን አልረሳውም። እዚያ ተቀምጠው የተናገሩትንም አልረሳነውምና ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ከማሉዲን መንሱር እባላለሁ። ቆቦ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ የሸበትኩ ሰው ነኝ። የድንበር ክርክር፣ የቀለብ ጥያቄ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የጠፋ ግመል፣ ሁሉንም ጽፌአለሁ። የሰውን ብሶት «በትሕትና እገልጻለሁ» ብዬ መጀመር፣ «እንዲደረግልኝ ስል አመለክታለሁ» ብዬ መጨረስ እጄ ለምዶታል። በራሴ ጉዳይ ብዕር ሳነሣ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የአባት ሐዘን በየትኛው አንቀጽ እንደሚገባ ስለማላውቅ ከመስመር ብወጣ ይቅር ይበሉኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ሃምሳ አለቃ አላምረው ነው። አላምረው የጎብዬ ልጅ ነው፤ በዋጃ መግቢያ ባለው ኬላ የጓድ መሪ ነበር፤ ዛሬ በኮሚቴዎ ምዘና ምክንያት ከኬላው ተነሥቶ በግምጃ ቤት ብርድ ልብስ ሲያጣጥፍ ይውላል። የቅሬታ ማመልከቻውን የጻፍኩለት እኔ ስለሆንኩ የምዘናውን ነገር ከገዛ አፉ ሰምቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን እሱ አላዘዘኝም፤ ቢሰማ «ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ ነገር አያብዙብኝ» ማለቱ አይቀርምና በእሱ ላይ እንዳይቆጥሩበት አደራ እላለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ምዘናው ታርሞ፣ ጥር ገብቶ ሰርግ ከመብዛቱ በፊት አላምረው ወደ ኬላው እንዲመለስ። ምክንያቶቼን እንደ ሙያዬ ወግ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጠንካራ ጎኑ። ኮሚቴዎ የአላምረውን ጠንካራ ጎን ሳይሰለች ፈልጎ በማግኘቱ ከልብ አመሰግናለሁ። በካምፑ በር ግራና ቀኝ ያሉት ድንጋዮች ኖራ መቀባታቸው፣ ችግኝ መተከሉ፣ ሃምሳ አለቃው በየስብሰባው በሰዓቱ መገኘቱ በክንውንነት ተመዝግቦለታል። ችግኞቹን የሰፈሩ ፍየሎች እንደጨረሷቸው ሁላችንም ብናውቅም ተከላው ተከላ ነውና ነጥብ አልተቀነሰበትም፤ ይህም የኮሚቴውን ርኅራኄ ያሳያል። ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ ነጭ ናቸው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አያቸዋለሁ፤ ያምራሉ።

2ኛ. በክንውንነት ስላልተመዘገበው። ዓምና ልጄን ራዊያን ለዋጃ ሰው ድሬ ነበር። የሙሽራው ወገን ልጄን ይዞ አመሻሹ ላይ ሲመለስ፣ ወደ ኬላው ሲቃረቡ፣ ወጣቶቹ እንደ ልማዳችን ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው አንጣጡት። ልማዱ ደግ ነው አላልኩም፤ እርስዎ ቢቆጡ ይገባዎታል፣ እኔም ተቆጥቻለሁ። ነገር ግን የራያ ሰው ባሩድ ካልሸተተው የተደሰተ አይመስለውም። ይህንን ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ፣ ገና ጢማቸው ያልበቀለ ወታደሮች ከየት ያውቁታል? መሬት ላይ ተኝተው አነጣጠሩ። ጣታቸው ቃታ ላይ ነበር። አላምረው ከመካከላቸው ተነሥቶ ቆመና፣ ጓዶቹ በኋላ እንደነገሩን፣ «ተው! ተው ወንድሞቼ! ለጠብ የሚመጣ ሰው መብራት አብርቶ ጡሩምባ እየነፋ ይመጣል እንዴ? ሙሽራ ነው፤ ጆሯችሁን ስጡት፣ ከበሮው ይሰማችኋል» አላቸው። ከዚያ መሣሪያውን ለአንዱ አስይዞ ባዶ እጁን ወደ መኪኖቹ ሄደ። ወጣቶቹን አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ወረደባቸው፤ ጠመንጃቸውንም ሰብስቦ ሽማግሌ ይዘው መጥተው እስኪወስዱ ድረስ ከሱ ዘንድ አቆየው። ለልጄ ግን በመስኮቱ ዘንበል ብሎ «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ይባርክላችሁ» ብሎ አሳለፋት። እሱ ሲደነግጥ ማርያምን የሚጠራ ልጅ ነው፤ የመረቃት ግን በራሷ አፍ ነው።

ራዊያ ዛሬ የአንድ ልጅ እናት ናት። ሕፃኑ ቤቱን በጩኸት አናግቶታል።

3ኛ. ስለ ኮሚቴው ጥያቄ። አላምረው በምዘናው ላይ «በዕለቱ ሊፈጠር የነበረ የተኩስ ልውውጥ ሳይፈጠር ቀርቷል» ብሎ ከክንውኖቹ አንዱ አድርጎ ቢያቀርብ፣ ኮሚቴው «ሳይፈጠር የቀረ ነገር እንዴት ክንውን ይሆናል?» ማለቱን ስሰማ ለእውቀትዎ ያለኝ አክብሮት እጥፍ ሆነ። እውነትም ከባድ ጥያቄ ነው። የተተከለ ችግኝ ይቆጠራል፤ ያልሞተ ሰው በምን ይቆጠራል? መቃብር የለው፣ ድንኳን አልተተከለለት፤ በቆቦ ገበያ ከሌላው ሰው ጋር ተጋፍቶ ሽንኩርት ሲያስመዝን ቢያዩት ከማን ይለዩታል? ኮሚቴው ግን በዚህ አላበቃም። ነገሩን ከክንውን ከሰረዘው በኋላ ሜዳ ላይ እንዳይቀር አስቦ ወደ ደካማ ጎን አሻገረው፤ «ለተኩስ ፈጣን ምላሽ የመስጠት ውስንነት ይታይበታል» ተብሎ ተጻፈ።

አላምረው ይህንን ይዞ ከጃንጥላዬ ሥር ሲቀመጥ አልተቆጣም። ቆቡን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ዝቅ ያለውስ ነጥብ ይሁን፤ ፈራ እንዳይሉኝ ብቻ ይጻፉልኝ። እኔ እኮ አልፈራሁም» አለኝ። የጥይት ድምፅ እየሰማ ባዶ እጁን የሄደ ሰው፣ ፈሪ አለመሆኑን እንዲመሰክሩለት ማመልከቻ ያስጽፋል። የቻልኩትን ያህል አሳምሬ ጻፍኩለት። ማስረጃ ቢጠይቁ ራዊያን አመጣታለሁ ስለው «እሷን እዚህ ውስጥ አያስገቧት» ብሎ የከለከለኝ እሱ ነው። የመጣውም መልስ «ያልተፈጸመ ድርጊት በማስረጃ ሊረጋገጥ ስለማይችል ቅሬታው ተቀባይነት የለውም» የሚል ነው። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ በሙያዬ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም።

4ኛ. ስለ ርክክብ። ከራዊያ ሰርግ በኋላ አላምረው ከቆቦና ከዋጃ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ተዋውሎ ነበር። በኬላው አካባቢ ጥይት አይተኮስም፣ ሰርገኛም ጠመንጃ አይዝም፤ በምትኩ ሰርገኛ ከመድረሱ በፊት አንድ ሽማግሌ ወደ ኬላው ይደውላል፣ ወታደሮቹም በሰላም ያሳልፋሉ። ሁለታችንም ጠብቀነው ነበር። ይህም በክንውንነት ቢቀርብ «ከኅብረተሰቡ ጋር ያለው የግል ትውውቅ ነው» ተብሎ ወደቀ። ክንውን ስላልሆነም አላምረው ከኬላው ሲነሣ ለተተኪው ከሚያስረክበው ውስጥ አልገባም። ብርድ ልብሱ፣ ጀሪካኑ፣ የእጅ ባትሪው፣ የመዝጊያው ገመድ በፊርማ ተላለፈ፤ ውላችንን ግን የተረከበ የለም። እኛ ደግሞ የዋሆች ነን። ሰው ቢቀየርም ውል ይቀጥላል ብለን በቃላችን ጸናን።

5ኛ. ይህቺን ቁጥር ልጽፍ ስል ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ልጄ ዒምራን በዚህ ዓመት የዋጃ ልጅ አገባ። ሰርጉ ሲሆን አላምረው ገና ኬላው ላይ ነበር፤ ራሱ ከመንገዱ ዳር ቆሞ እጁን እያውለበለበ አሳልፎናል። ከሰርጉ በኋላ የሙሽራዋ ወላጆች ሙሽሮቹን ከነአጃቢያቸው ጠርተው የሚያበሉበትን ግብዣ የከተማ ሰው መልስ ይለዋል፤ እኛ ምላሽ እንለዋለን። በሰርጉና በምላሹ መካከል ግን ሌላ ምላሽ ደረሰ፤ የእርስዎ። ቅሬታው ወደቀ፣ አላምረው ተነሣ፣ አዲስ የጓድ መሪ ተተካ።

ወንድሜ ኡበይድ በውሉ መሠረት ወደ ኬላው ደወለ። ያለው ይህንን ብቻ ነው፤ «የምላሽ ሰዎች ነን፣ ከቆቦ ተነሥተናል፣ እየመጣን ነው።» አዲሱ የጓድ መሪ አገራችንን አያውቀውም። ለእሱ ምላሽ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርስዎም በምዘናዎ የጻፉት ያንኑ ነው። ሊበቀሉን የተነሡ ሰዎች እየመጡ ነው ብሎ ጓዱን አሰለፈ። እኛ ለሰላም ብለን ደውለን፣ በገዛ አፋችን በራሳችን ላይ አስነሣናቸው።

ከእኛ ወገን አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ጠመንጃ የያዘም አልነበረም፤ ውል ነበረና። «ቁም!» ብለን ነበር ይላሉ፤ ብለውም ይሆናል፤ ከበሮና ጡሩምባ ባለበት ማን ይሰማል? ዒምራን ከፊተኛው መኪና ጋቢና ውስጥ ነበር፤ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የመኪናውን በር በዘፈኑ ምት ይመታ ነበር። ተኮሱ። ልጄ እዚያው ሞተ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሚስቱ ጀዊሪያ አጠገቡ ነበረች፤ ዛሬም ባጃጅ ጡሩምባ ባሰማ ቁጥር ጆሮዋን ትይዛለች። ኡበይድ ስልኩን ለልጆቹ ሰጥቶ እንደገና አልነካውም፤ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ይላል፤ አይደለህም ብንለው አይሰማም። ባለቤቴ ኡሙሃኒ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሰላምታ ካልሆነ በቀር አፏን አልከፈተችም። የተኮሰውን ወታደር አልረግመውም፤ ልጅ ነው፣ ጠላት መጣብህ ተብሎ ነው የቆመው፤ የእሱም እናት ደጅ ደጁን እያየች የምትጠብቀው ነው። ሰዎች ለምን ተተኮሰ እያሉ ይጠይቁኛል። ለተኩስ ምላሽ ነው እንዳልል ተኩስ አልነበረም። ልጄ የሞተው ለስልክ ጥሪያችን በተሰጠ ምላሽ ነው።

6ኛ. ስለ ፍጥነት። አሁን ወደ ለቅሶው ልመለስ። ከምንጣፋችን ተቀምጠው «ስሕተቱ የመረጃ ስሕተት ነው» አሉን፤ በዚህ አንጣላም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አዲሱ የጓድ መሪ ምን እንደተወሰነበት ቢጠይቁዎ ግን፣ ምዘናው እንዳልተነካ፣ ለፈጣን ምላሽ ያገኘው ነጥብም ከፍተኛ መሆኑን ገልጸው፣ «መረጃው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ፍጥነቱ ግን ፍጥነት ነው፤ እሱ ለብቻው ነው የሚታየው» አሉ። በክፋት እንዳልተናገሩት አውቃለሁ። ጥያቄ ተጠየቁ፣ እንደ መመሪያው መለሱ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እርስዎም ይህንን እንደ መግባባት ቆጥረው ውኃ ጠጡ። በእኛ አገር የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛ የፈሰሰብንን ማን ይልቀምልን?

ክቡር ሆይ፣ አላህ የሰጠኝ ልጆች እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። አንዷን ያተረፈልኝ ሥራ በደካማ ጎን ተጽፏል፤ ሌላውን ያሳጣኝ ሥራ በጠንካራ ጎን ተጽፏል። ይህን ደጋግሜ ሳስበው፣ የጻፈው ሰው ዓምዱን ተሳስቶ ይሆን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛም ሥራ ያጋጥማል፤ ከሳሽ በተከሳሽ ቦታ፣ ተከሳሽ በከሳሽ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ቀድዶ እንደገና መጻፍ ነው። ነውርም የለው፣ ማንም አይሥቅብዎትም።

ክንውን የቱ ነው ለሚለው ጥያቄዎ መልስ ካስፈለገ፣ እባክዎ አንድ ቀን ወደ ማሽላ እርሻችን ብቅ ይበሉ። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያጮኸውን ወፍ ጠባቂ ገበሬው ስንት ወፍ ገደልክ ብሎ አይጠይቀውም። ከእርሻው መካከል ገብቶ የቀረውን ማሽላ አይቶ ይመርቀዋል። ማሽላው ቆሞ ከተገኘ ልጁ ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ኮሚቴ አላቋቋምንም።

አላምረው ይሾም አላልኩም፣ ይሸለምም አላልኩም፤ ለራሴም ካሣ አልጠየቅሁም። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ይሻገርልኝ፣ እሱም ወደ ኬላው ይመለስ ነው የምለው። ዓረፍተ ነገሩ ከተሻገረ፣ በዚያ ኬላ የሚቆም ወታደር ሁሉ ጣቱን ከቃታ ላይ ማንሣትም ሥራ መሆኑን ይማራል። ካልተሻገረ ደግሞ የተማረውን ተምሯል፤ ልጆች ናቸው፣ ነጥብ የሚያስገኘውን ቶሎ ይይዛሉ። አላምረውን ከግምጃ ቤት ማውጣት የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ዒምራንን ማንም አያወጣውም፣ ያንን አልለምንዎትም።

ረጅሙን ደብዳቤዬን ለማንበብ ስላጠፉት ውድ ጊዜ፣ ለልጄ ለቅሶ ስለደከሙበት እግርዎ፣ ለቅሬታችን ስለሰጡን ስሕተት የሌለበት መልስ እያመሰገንኩ፣ አላህ ለእርስዎም ለልጆችዎም ምንም ሳይፈጠር የሚያልፉ ብዙ ቀኖች እንዲሰጥዎ እለምናለሁ፤ ማንም የማይመዘግባቸው፣ ነጥብ የማይሰጥባቸው፣ ልጅ ወጥቶ የሚገባባቸው ቀኖች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ውሳኔዎን ከጃንጥላው ሥር የሚጠብቀው
ከማሉዲን መንሱር
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የራዊያና የዒምራን አባት
ቆቦ

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ጎረቤታችን ወይዘሮ ወይንሸት ልጇን ሩትን በጥር ወደ ዋጃ ትድራለች። «እናንተ ሐዘን ላይ ሆናችሁ እኔ እንዴት ብዬ እደግሳለሁ» ብላ ሰርጉን ልታስተላልፈው መጥታ ነበር፤ ዝም ብላ የከረመችው ኡሙሃኒ ቀና ብላ «ዳሪያት፤ ልጅቱ ምን አጠፋች?» አለቻት። ስለዚህ ሰርጉ አይቀርም። ከበሮ ግን አይመታም፣ ጡሩምባ አይነፋም፣ እልል የሚልም አይኖርም። የትኛው ቃል እንደሚገድል ስላላወቅን የሚደውልም አላገኘንም። ኬላው ሲቀርብ ከመኪና ወርደን ሙሽራዋን መካከል አድርገን በእግራችን እናልፋለን። እንግዲህ በጥር አንድ ቀን ነጭ የለበሱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ወደ ኬላው ሲመጡ ከታዩ፣ ወታደሮችዎ እንዳይደነግጡ አስቀድመው ይንገሩልን፤ ቀብር አይደለም፣ ሰርግ ነው።